የዱቄት ጉልበት፦ ግሉተን ምንድን ነው?

ልጆች ሳለን ለወፍጮ ከተሰጣው ስንዴ አንድ ጭብጥ ሰርቀን እናኝክ ነበር። መጀመሪያ ወተት የመሰለ ጣፋጭ ውኃ ይወጣዋል፤ እሱን እየዋጥን ስናኝክ ቆይተን በመጨረሻ ጥርሳችን ላይ የሚቀረው ማስቲካ ነው። በጤፍ ወይም በማሽላ የሞከረ ሁሉ ባዶ አፉን ይቀራል። ያ የስንዴ ማስቲካ ግሉተን ነው።

የቦሎኛው ጣሊያናዊ ሐኪም ያኮፖ ቤካሪ ይህንኑ በእጁ ሠርቶታል። የስንዴ ሊጥ በውኃ ሲያጥብ ስታርች የሚባለው ነጩ የዱቄት ክፍል ታጥቦ ሄደ፤ መዳፉ ላይ የሚለጠጥ ሙጫ መሳይ ነገር ቀረ። ሥራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1745 ነበር። ግሉተን የሚለው ስምም በላቲን ሙጫ ማለት ነው።

በደረቁ ዱቄት ውስጥ ግን ግሉተን ተሠርቶ አይጠብቅም። እዚያ ያሉት ግሉቴኒንና ግሊያዲን የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። ውኃ አግኝተው በእጅ ሲታሹ እርስ በርስ ተያይዘው መረብ ይሆናሉ። ግሉቴኒን ሊጡ ተስቦ እንዲመለስ ያደርጋል፤ ግሊያዲን ደግሞ ሳይበጠስ እንዲሳብ። እርሾው የሚያወጣው ጋዝ በዚህ መረብ ታፍኖ ስለሚቀር ሊጡ ኩፍ ይላል። እናቶቻችን ቡኮውን ደጋግመው የሚያሹት ያለ ነገር አልነበረም።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ዓመት ለጥምቀት እንግዶች ድፎ ዳቦ ልጋግር ብዬ ከሱቁ ሁሉ ነጩን ዱቄት መርጬ ገዛሁ። አቦካሁት፣ ጠበቅሁት፣ ኮባ ላይ ሳፈሰው ግን ወደ ጎን ተዘረጋ እንጂ ወደ ላይ አልተነሣም። ጎረቤታችን እትዬ ቡኮውን በሁለት ጣታቸው ሳብ አድርገው፣ ወዲያው ሲበጠስባቸው፣ «ልጄ፣ ይሄ ዱቄት ጉልበት የለውም» አሉኝ። ከረጢቱን መልሼ ሳነብ የብስኩት ዱቄት ነበር። ንጣት የጥራት ምልክት ነው የሚለው እምነታችን ብዙ ዳቦ አበላሽቷል።

ጉልበት ያሉት የፕሮቲኑን መጠንና ጠባይ ነው። ለኬክና ለብስኩት የሚሆነው ዱቄት ከ7 እስከ 9 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን አለው፤ አፍ ውስጥ ፍርክስ እንዲል ነውና ጠንካራ መረብ አይፈለግም። ለሁሉም የሚሆነው ዱቄት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይይዛል። የዳቦው ከ12 እስከ 14 ይደርሳል። የቦታው ከፍታም ለውጥ አለው፤ ለምሳሌ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ጋዙ ቶሎ ይሰፋል፣ ሊጡም ቶሎ ይነሣል፣ ደካማ መረብም ቶሎ ይቀደዳል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ያታልላል። የማካሮኒ ስንዴ የሚባለው ዱረም ብዙ ፕሮቲን አለው፤ ሆኖም ግሉተኑ ተስቦ የመመለስ ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ ከዳቦ ይልቅ ለፓስታ ይስማማል። ሳይነፋ ከነፉርሽካው የተፈጨ ስንዴም እንዲሁ ነው፤ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል፣ ፉርሽካው ግን መረቡን እየቆራረጠ ዳቦውን ያከብደዋል። እኔ እንዲያም ሆኖ የወፍጮ ቤቱን ዱቄት እመርጣለሁ፤ ጣዕም አለው።

ከረጢቱ ላይ ምንም ካልተጻፈ ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። 100 ግራም ዱቄት በ60 ሚሊ ሊትር ውኃ አቡክቶ ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ፣ ከዚያ ውኃው እስኪጠራ ድረስ በቀስታ እያሹ ማጠብ። ከ30 ግራም በላይ እርጥብ ሙጫ ከቀረ ዱቄቱ ለዳቦ ይሆናል፤ 20 ግራም አካባቢ ከሆነ ለብስኩት ይቀመጥ።

ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ዳጉሳ ግሉተን የላቸውም። ታዲያ እንጀራ ዓይን የሚያወጣው በምንድን ነው? ሊጡ ቀጭን ነው፤ ከመብላላቱ የመጣው ጋዝ በጋለው ምጣድ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ስታርቹ ወዲያው ይበስልና ቀዳዳው እንዳለ ይቀራል። አብሲት የሚጣለውም ለዚህ ይረዳል፤ ቀድሞ የበሰለው ስታርች ሊጡን ያያይዘዋል፣ ጋዙንም ይይዝለታል። ስንዴ በግሉተን የሚሠራውን ጤፍ በከፊል በአብሲት ይሠራዋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሴሊያክ ለሚባለው ሕመም ሲሆን ከጋገራ ጉዳይ ያልፋል። በዓለም ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ ይህ ሕመም አለበት፤ ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ኃይል ትንሹን አንጀት ይጎዳል። ለእንዲህ ያለ ሰው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ይስማማዋል፤ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ግን አይሆንም። ገብስ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ሊጥ ባይሰጥም ሕመሙን የሚቀሰቅስ ተመሳሳይ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ሕመምተኛው እንጀራው ከምን እንደተጋገረ ብቻ ሳይሆን የጠላው ብቅል ከምን እንደሆነም መጠየቅ አለበት፤ ብቅሉ ብዙ ጊዜ ገብስ ነው።