«ክፍል ቢ እና ሲ» የጦር ወንጀለኛ ምንድን ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካውያን ምርኮኞችን በቁማቸው የቀደዱት የጃፓን ሐኪሞች፣ የኪዩሹ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲዎቹ፣ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም፦ «እነሱ እኮ የክፍል ቢ እና ሲ ናቸው፤ ከባዶቹ ወንጀለኞች የክፍል ኤዎቹ ናቸው።» ይበልጥ የሚያበሳጨው ሰውየው አንብቦ የመጣ መሆኑ ነው። ቀኑንም ስሙንም አሳምሮ ይጠራል፤ ፊደሎቹ ላይ ሲደርስ ግን የክብደት ቅደም ተከተል ያደርጋቸዋል።

ፊደሎቹ ከጦርነቱ በኋላ አሸናፊዎቹ የጃፓን መሪዎችን የዳኙበት የቶኪዮው ፍርድ ቤት ቻርተር (መቋቋሚያ ደንብ) አንቀጽ 5 ንዑስ ፊደላት ናቸው፤ ሌላ ምስጢር የላቸውም። ኤ የወረራ ጦርነት ማቀድና መክፈት ነው። ቢ የጦርነት ሕግንና ልማድን መጣስ ነው፤ ምርኮኛ መግደል እዚህ ይገባል። ሲ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው። መርካቶ ሚስማር የሚፈልግ ሰው ሸማ ተራ አይሄድም፤ ተራው የሚነግረው የሚሸጠውን ዕቃ ዓይነት እንጂ ዋጋውን አይደለም። ዋጋው ሱቅ ገብተው ነው የሚታወቀው። ደግሞም አንድ ነጋዴ በሁለት ተራ ሱቅ ሊኖረው ይችላል።

የቶኪዮ ተከሳሾች እንዲያ ነበሩ። ከ28ቱ 7ቱ ተሰቀሉ፤ ሰባቱም የቢ ጥፋት የተረጋገጠባቸው ናቸው። ጦርነት በማቀድ ብቻ ጥፋተኛ ተብሎ የተሰቀለ አንድም ሰው የለም። ጄኔራል ማትሱዪ ኢዋኔ እንዲያውም ከኤ ክሶች ሁሉ ነጻ ወጥቶ፣ ወታደሮቹ በቻይናዋ ናንጂንግ የፈጸሙትን ጭፍጨፋ ባለማስቆሙ በአንዲት የቢ ክስ ነው ገመድ የገባው። ከቶኪዮ ውጪ በእስያ ዙሪያ በተዋቀሩት የአሸናፊዎቹ ወታደራዊ ችሎቶች ደግሞ ወደ 5,700 የሚጠጉ ሰዎች በቢ እና ሲ ተከሰው ከ900 በላይ ተገድለዋል። «ቀላሉ ክፍል» ይህ ነው።

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሁን ወደ ጃፓኗ ደሴት ወደ ኪዩሹ። በሜይ 1945 አንድ የአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እዚያ ወደቀ። አዛዡ ለምርመራ ወደ ቶኪዮ ተልኮ በዚያው ተረፈ። ስምንት አሜሪካውያን ምርኮኞች ግን ፉኩኦካ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ተወስደው በአናቶሚ ክፍሉ በቁማቸው ተቀደዱ። የባሕር ውሃ ደምን ይተካ እንደሆነ ተሞከረባቸው፤ ሳንባ ወጣ፣ ጉበት ተቆረጠ፣ አንጎል ተነካካ። የተረፈ የለም።

ጦርነቱ ሲያበቃ የጃፓን ጦር ምርኮኞቹ ሂሮሺማ ተልከው በአቶሚክ ቦምቡ እንዳለቁ አስመስሎ አወራ። የአሜሪካ መርማሪዎች መጀመሪያ ያንን ማፍረስ ነበረባቸው። ሲያፈርሱትም ዋነኞቹ ሰዎች አልተገኙም፤ ወታደራዊው ሐኪም ኮሞሪ በአየር ድብደባ ቆስሎ ሞቷል፤ ቀዶ ሕክምናውን የመራው ፕሮፌሰር ኢሺያማ ደግሞ በጁላይ 1946 እስር ቤት ውስጥ ራሱን ሰቀለ። በማርች 1948 ዮኮሃማ ላይ በአሜሪካ ወታደራዊ ኮሚሽን (ችሎት) ፊት የቀረቡት 30ዎቹ የጦር መኮንኖች፣ ሐኪሞችና አንዲት ዋና ነርስ ናቸው። ሙት አይከራከርም፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ሳነብ «ፕሮፌሰሩ አዘዘን» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ነው የማየው። የወታደራዊ ኮሚሽን የማስረጃ ደንብም ልል ነበር፤ ችሎት ቀርቦ ያልተጠየቀ ሰው የጽሑፍ ቃል ይቀበል ነበር።

የምርኮኛ ጉበት ተበላ የሚለው ክስ ለምሳሌ አልጸናም፤ የተከሰሱበት ሰዎች ከዚያ ክስ ነጻ ወጥተዋል። ዛሬም ግን በየገጹ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይወራል። የጸናው አነሰ?

በኦገስት 1948 23ቱ ጥፋተኛ ተባሉ፤ 5ቱ ሞት፣ 4ቱ ዕድሜ ልክ፣ የቀሩት የዓመታት እስራት፣ ነርሷ 5 ዓመት። በሞት የተቀጣ ግን የለም፤ ፍርዱ ተቃለለ፤ በ1958 ደግሞ ከሱጋሞ እስር ቤት የመጨረሻዎቹ የጦር ወንጀል እስረኞች ወጡ። አስተያየት ሰጪው እዚህ ላይ «አየህ፣ ክፍላቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው» ይላል። አይደለም። ቀዝቃዛው ጦርነት መጥቶ አሜሪካ ጃፓንን ወዳጅ አድርጋ ፈለገቻት፤ ምሕረቱም ፊደል አልመረጠም። በክፍል ኤ ተጠርጣሪነት ሱጋሞ የታሰረው ኪሺ ኖቡሱኬ ክስ ሳይመሠረትበት በዲሴምበር 1948 ተለቅቆ በ1957 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፤ ማንም ባይጠይቀኝም። በጃፓን ጉዳይ ሲ ራሱን ችሎ ብዙም አልቆመም፤ የኪዩሹም መዝገብ በይዘቱ የቢ ነው። «ቢ እና ሲ» ተብሎ በአንድነት የሚጠራው በልማድ ነው።

ኪዩሹን በቻይና ምድር በሰው ላይ የጀርም መሣሪያ ከሞከረው የጃፓን ጦር ክፍል፣ ከዩኒት 731፣ ጋር ለሚያምታቱትም፦ የ731ን አለቃ ኢሺ ሺሮን «የክፍል ኤ ወንጀለኛ» ብሎ የጻፈ አይቻለሁ። ኢሺ የትኛውም ክፍል የለውም። የሙከራ ውጤቱን ለአሜሪካኖች ሰጥቶ እንዳይከሰስ ምሕረት ስላገኘ የትኛውም ችሎት ፊት አልቆመም።