«መካከለኛ እንቅስቃሴ» ሲባል ምን ያህል ነው?

ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው ከሆስፒታል የወጡ የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቻችን፣ ሐኪም የሚያዝዘው «መካከለኛ እንቅስቃሴ» ምን ያህል እንደሆነ ደጋግመው ስለሚጠይቁ ላብራራው። መለኪያው ንግግር ነው፤ እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎ ልኩ እሱ ነው፤ ንግግርዎ በትንፋሽ ማጠር ከተቆራረጠ ግን ልኩን አልፈዋል። እንደ አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ ምት መቁጠር ብቻውን ሊያሳስት ይችላል።

ለምሳሌ በሜዳው እያወጉ የሚራመዱ አባት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሲወጡ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሰላምታ መመለስ ካቃታቸው፣ እርምጃው ይበቃቸዋል፤ ጀሪካኑን ግን እባካችሁ ልጆች ተቀበሏቸው።

መቼ እንደሚጀመርና በምን ያህል እንደሚጨመር ከሰው ሰው ስለሚለያይ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የደረት ሕመም ከተሰማ ግን ማንም ቢሆን ወዲያው ያቁም፤ አርፎም ካልተሻለው ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።