ሕፃን ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ «እንጥሉ ወርዷል»?

ከተወለደ ጥቂት ሳምንት የሆነው ሕፃን አየር ሲስብ «ሲር፣ ሲር» ይላል። እናቱ እኛ ሕፃናት ክፍል እስክትደርስ ጎረቤት ሁሉ በሽታውን ነግሯታል። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የማንቁርት መለስለስ ነው፤ ሐኪሞች ላሪንጎማላሺያ ይሉታል።

«ብርድ መቶት ነው» ይባላል። ጉንፋን ድምፁን ያባብሰዋል እንጂ አላመጣውም።

«አስም ነው» የሚሉም አሉ። የአስም ፉጨት ጎልቶ የሚሰማው አየር ሲወጣ ነው፤ ይሄኛው ሲገባ።

«እርጉዝ ሳለች ቀዝቃዛ ጠጥታ ነው።» እባካችሁ እናትየዋን ተዉአት።

የሚያንገበግበኝ ግን «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የሚለው ነው። እንጥል ላንቃ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ድምፁ የሚመጣው ከዚያ በታች፣ ከምላስ ሥር ካለው ማንቁርት ነው። ከማንቁርቱ አፍ ላይ ያለው ሥጋና ልም አጥንት ስለሚልፈሰፈስ፣ አየር ሲሳብ ወደ ውስጥ ታጥፎ መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ለምን ይልፈሰፈሳል? ልም አጥንቱ ገና ስላልጠነከረ ነው የሚል ሐሳብ አለ። ዛሬ ይበልጥ ሚዛን የሚደፋው ግን አካባቢውን ወጥሮ የሚይዘው የነርቭና የጡንቻ ቅንጅት አለመብሰሉ ነው። ከጨጓራ የሚመለስ አሲድም አካባቢውን እያሳበጠ ያባብሰዋል። እንጥል የለበትም።

ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ እንጥሉን ተቆርጦ መጥቶልን ያውቃል። ከንፈሩ ነጥቷል፣ የታቀፈበት ፎጣ ላይ ደም ደርቋል፣ ጡት መሳብ አቅቶታል። «ሲር ሲር» የሚለው ድምፅ ግን እንዳለ ነው። ምላጩ ከደም መፍሰስ ሌላ ቴታነስና ኤችአይቪም ሊያስከትል ይችላል። «የኔ ልጅ ተቆርጦ ድኗል» ትሉኛላችሁ። ድምፁ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጨምርና አብዛኞቹ ሕፃናት ላይ እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ምስጋናውን ቆራጩ ይወስደዋል።

«በሆዱ ይተኛ።» እውነት ነው፣ ድምፁ ይቀንሳል። ቢሆንም በሆድ መተኛት ለሕፃናት ድንገተኛ ሞት ያጋልጣል፤ ሲተኛ በጀርባው ይሁን። ጡት ከጠባ በኋላ ግን ቀና አድርጋችሁ ታቀፉት።

«ይለቀዋል፣ ሐኪም ምን ያደርጋል» የሚለው ደግሞ ግማሹ ብቻ ልክ ነው። ሌላም በሽታ እንዲህ ያለ ድምፅ ያመጣልና መታየት አለበት። ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫው አስገብቶ ማንቁርቱን ያያል። ጥቂቶቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ኪሎ ካልጨመረ ወይም ሲጠባ ትን እያለው ካቋረጠ ሳትዘገዩ አምጡት። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።