ፍላሽ ላይ «ፔጅ» እና «ብሎክ» ምንድን ናቸው?
ፍላሽ ሜሞሪ መረጃ የሚይዘው ጥቃቅን ሴሎች ውስጥ ኤሌክትሮን አስሮ ነው። ኃይል ቢቋረጥም ኤሌክትሮኖቹ እዚያው ይቆያሉ።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ፔጅና ብሎክ ላይ ነው። ፔጅ በአንድ ጊዜ የሚጻፍበት ክፍል ነው፤ ለምሳሌ 16 ኪሎባይት። ብሎክ ደግሞ የብዙ ፔጆች ስብስብ ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የሚጻፈው በፔጅ፣ የሚጠፋው ግን በብሎክ ነው።

የተጻፈበት ፔጅ ላይ ደርቦ መጻፍ አይቻልም። ፋይል ውስጥ አንዲት ፊደል ብታርሙ እንኳ አዲሱ ቅጂ ሌላ ባዶ ፔጅ ላይ ይቀመጣል። አሮጌው ፔጅ «አያገለግልም» የሚል ምልክት ይደረግበትና ተራውን ይጠብቃል። በኋላ ኮንትሮለሩ (የፍላሹን ሥራ የሚመራው ቺፕ) እዚያው ብሎክ ውስጥ ያሉትን የሚፈለጉ ፔጆች ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ብሎኩን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል።

እያንዳንዱ ማጥፋት ሴሎቹን በጥቂቱ ያደክማል። ስለዚህ ኮንትሮለሩ የመጻፍና የማጥፋቱን ሥራ ለሁሉም ብሎኮች ያከፋፍላል። «ዌር ሌቨሊንግ» የሚሉት ይህንን ነው።