ባዮዳይናሚክ የወይን እርሻና ጠጅ ጠመቃ በቀዝቃዛ አካባቢዎች

ባዮዳይናሚክ የወይን እርሻ አፈሩን፣ የወይን ሐረጉን፣ ከብቱንና ገበሬውን እንደ አንድ ሕያው አካል ቆጥሮ፣ ከሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ከኬሚካል ፀረ ተባይ ርቆ የሚካሄድ የግብርና ስልት ነው። መነሻው ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ሩዶልፍ ስታይነር እ.ኤ.አ. በጁን 1924፣ ያኔ የጀርመን ዛሬ የፖላንድ በሆነችው በኮበርቪትስ የሰጣቸው ስምንት ትምህርቶች ናቸው፤ ትምህርቱን የጠየቁትም የአፈራቸውና የዘራቸው ኃይል እየደከመ መምጣቱ ያሳሰባቸው ገበሬዎች ነበሩ። ስታይነር ለአልኮል በጎ አመለካከት አልነበረውም። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በኦስትሪያው ቫኻው ሸለቆ ኒኮላይሆፍ በተባለው እርሻ ከ1971 ጀምሮ፣ በፈረንሳይ ሎዋር ወንዝ ዳርቻ ደግሞ በ1980ዎቹ በወይን ገበሬው በኒኮላ ዦሊ እጅ ከወይን ጋር ተዛምዶ ዝናው ሰፋ።

ቀዝቃዛ የሚባለው የወይን አካባቢ በዕድገቱ ወራት አማካይ ሙቀቱ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነ ነው። በዚህ ሙቀት ፍሬው ስኳሩን ቀስ ብሎ ያከማቻል፣ ኮምጣጣነቱን ይዞ ይቆያል፣ መዓዛውም አይጠፋም፤ ሪስሊንግ፣ ፒኖ ኗርና ሻርዶኔ የተባሉት የወይን ዝርያዎች የሚወደዱት በዚሁ ጠባያቸው ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በፀደይ የሚወርድ ውርጭ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ሲወርድ፣ አዲስ የፈነዳውን ለጋ ቅጠል በአንድ ሌሊት ያቃጥለዋል፤ በኤፕሪል 2021 በፈረንሳይ የሆነው ይኸው ነበር።

የስልቱ መለያ በቁጥር የሚጠሩት ቅመሞቹ ናቸው። 500 የሚባለውን ለማዘጋጀት የላም ቀንድ በእበት ተሞልቶ በመኸር መሬት ውስጥ ይቀበርና ቀዝቃዛውን የአውሮፓ ክረምት እዚያው ያሳልፋል። በፀደይ ተቆፍሮ ሲወጣ እበቱ ጠረኑን ለቆ፣ ጠቁሮና ለስልሶ፣ የጫካ አፈር የሚሸት ሆኖ ይገኛል። ለአንድ ሄክታር 100 ግራም ያህሉ በበርሜል ውኃ ይበጠበጣል። መበጥበጡ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚወስድ ሥራ ነው፦ ውኃው በአንድ አቅጣጫ እስከ በርሜሉ ወለል የሚዘልቅ አዙሪት እስኪሠራ ድረስ ይሽከረከራል፣ ከዚያ በድንገት በተቃራኒው ይገለበጣል፣ አዙሪቱም ፈርሶ እንደገና ይወለዳል። ውኃው ወደ ማታ ላይ በአፈሩ ላይ ይረጫል። 501 የሚባለው፣ ኳርትዝ ከተባለው ድንጋይ ዱቄት የሚሠራው ግን በማለዳ በቅጠሉ ላይ የሚረጭ ሲሆን፣ ለሄክታር ጥቂት ግራም ይበቃዋል። ብርሃንን ለሐረጉ ያቀርባል ተብሎ ስለሚታመን ፀሐይ በምትሳሳበት አገር ልዩ ቦታ አለው፤ በሞቃት አገር ግን ቅጠል እንዳያቃጥል በቁጥብነት ይጠቀሙበታል። ካሞሚል የተባለው አበባ፣ ሳማ፣ የባሉጥ ቅርፊትና ሌሎችም ለብስባሹ ማዳበሪያ ይውላሉ።

ቅመሞቹ በራሳቸው ለውጥ ያመጣሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ ሳይንስ እስካሁን አሳማኝ ድጋፍ አላገኘም። በጀርመን ጋይዘንሃይም ከ2006 ጀምሮ በሪስሊንግ ላይ በተካሄደው ሙከራ ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል ግን ያለ ቅመሞቹ የሚታረሰው ኦርጋኒኩም ባዮዳይናሚኩም ከተለመደው አስተራረስ ያነሰ ምርት ሰጥተዋል፤ በሁለቱ መካከል ግን ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። በእኔ እምነት የስልቱ ትልቁ ጥቅም ገበሬውን ከሐረጉ አለማራቁ ነው። በየሳምንቱ በረድፎቹ መካከል የሚመላለስ ሰው በሽታውን ገና ከመነሻው ያየዋል፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አገር ደግሞ ምርት የሚተርፈውም የሚጠፋውም በዚህ ነው።

በጣም አስቸጋሪው ጉዳይ መዳብ ነው። ዳውኒ ሚልዲው የተባለው፣ ቅጠሉንና ፍሬውን የሚያጠቃው ሻጋታ መሰል በሽታ በ1870ዎቹ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ከገባ ወዲህ የኦርጋኒክ ወይን ገበሬ ዋና መከላከያው መዳብ ሆኖ ቆይቷል። ዝናብ በበዛ ቁጥር የተረጨው ይታጠባል፣ እንደገናም ይረጫል። መዳብ ደግሞ አይበሰብስም፤ በአፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ የምድር ትሎችን ይጎዳል፣ ስለዚህም ሕያው አፈርን ከሁሉ በላይ ለሚያከብር ስልት እውነተኛ ቁስል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ ለሄክታር ከ28 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ሲወስን፣ የባዮዳይናሚክ ምርት ምልክት የሆነው ዴሜተር በዓመት በአማካይ ወደ 3 ኪሎ ግራም ዝቅ አድርጎታል። ሐቀኛ መፍትሔው በሽታን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መትከልና ነፋስ እንዲያልፍ ቅጠሉን ማሳሳት ይመስለኛል።

በወይን ጠጅ መጥመቂያውም ሥራው እጅን በመሰብሰብ ላይ የቆመ ነው። ፍላቱ በዋናነት በፍሬው ላይና በመጥመቂያው ውስጥ ባለው የተፈጥሮ እርሾ ይጀመራል፣ ጠጁ እንዳይበላሽ የሚያደርገው ድኝም በቁጥብ ይጨመራል። ምድር ቤቱ በክረምት ሲቀዘቅዝ ፍላቱ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ በበርሜሉ ግድግዳ ላይም የኮምጣጣው አሲድ ጨው እንደ መስታወት ስብርባሪ ይጋገራል። ጠማቂው ይጠብቃል። ሙቀቱ ሲመለስ፣ ቀንዶቹ ከመሬት በሚወጡበት ሰሞን፣ በበርሜሉ አፍ ላይ ትንንሽ አረፋዎች እንደገና መፍላት ይጀምራሉ።