ፎቅ ስለተሠራ ብቻ ቤት አይወደድም

ካዛንችስ፣ ፒያሳ ወይም ልደታ ቤት የሚሸጥም የሚገዛም ሰው ከደላላ የሰማውን ይዞ ነው የሚመጣው። ከሚባለው ጥቂቱን ላንሳ።

«አጠገቤ ፎቅ ከተሠራ የእኔም ቤት ይወደዳል»

ሁሌም አይደለም። ፎቁ ፋርማሲና ባንክ ይዞ ከመጣ፣ መንገዱም ከተስተካከለ፣ አዎ፣ ፈላጊ ይበዛል። ግን ልደታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያየሁት ቤት አይረሳኝም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሳሎኑ አምፖል በርቶለታል። በረንዳው ፊት ለፊት የብሎኬት ግድግዳ ተገትሯል። ገዢው ከበር ሳያልፍ «ፀሐይ የለውም» ብሎ ወረደ። ስለዚህ ከቤቱ በፊት በቆርቆሮ የታጠረውን ጎረቤት እዩ። ታፔላው ላይ ጂ ፕላስ ስንት እንደሆነ፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ ስንት ፎቅ እንደሚወጣ ተጽፏል። ካልተጻፈ ጥበቃውን ጠይቁት፣ ይነግራችኋል።

«ኮሪደር ልማት ሰፈሩን አሳመረው፣ ቤታችንም ወርቅ ሆነ»

ይህኛው ብዙ ሰው ይጎዳል። ከ2016 ወዲህ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ደምቋል። ያማረ ሰፈር ፈላጊ ያመጣል። ጥያቄው የእናንተ ቤት እዚያው ይቆያል ወይ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቦታው ለልማት ሲፈለግ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የንብረት ካሳ የሚታሰበው መሬቱ ላይ ለሠራችሁት ነው። ደላላው በካሬ የጠራላችሁ ዋጋ እዚያ ስሌት ውስጥ የለም። ምትክ ቢሰጥም ብዙ ጊዜ ከመሀል ከተማ ይርቃል። እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ሁሉ ወደኋላ ይቀራል። በደላላው ዋጋ ተማምናችሁ ከመበደራችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ የአካባቢውን ፕላን ጠይቁ። እባካችሁ።

«አፓርታማው ስለበዛ ዋጋው ይረክሳል»

ይህን አትጠብቁ። ሊፍቱ፣ አልሙኒየሙ፣ ብዙው ፊኒሺንግ ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብር ሲወርድ የግንባታ ወጪ ወጣ። በዚያ ላይ መሀል ከተማ የሚሠራው በአብዛኛው ገንዘብ ላለው ነው። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ የጠበቀው ሰው ገበያ ሌላ ነው።

«የጭቃ ቤት ምን ዋጋ አለው?»

ካርታ ካለው አለው። ገዢው የሚከፍለው ለግድግዳው ሳይሆን ለቦታው ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ግን የመንግሥት ነው፣ ተከራዩ አይሸጠውም፣ «ቁልፍ ልሽጥልህ» የሚላችሁን አትስሙ። ገዢ ደግሞ ይህን ይያዝ፦ ነባር ይዞታ ላይ፣ ማለትም በሊዝ ባልተያዘ የቆየ ቦታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቦታው ወደ ሊዝ (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን ወደሚያዝበት ሥርዓት) ይገባል። ለሻጩ ከምትቆጥሩት ሌላ የሊዝ ክፍያም ይጠብቃችኋል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ስንት እንደሚመጣ አስሰሉ።