ከአደጋ የተጠበቀ የትምህርት ቤት መንገድ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን ልጅ ትምህርት ቤት አደረስኳት። እናቷን አሟት ነበር። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል ናት። አዳማ ውስጥ ከሰፈራችን እስከ ትምህርት ቤቷ በእግር 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በአቋራጩ ልወስዳት ስል እጄን ጎተት አደረገችኝ። «ጋሼ፣ በዚያ አንሄድም። ቱቦው ክፍት ነው። ውሻም አለ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የመራችኝ እሷ ናት። የትኛው ጋራዥ በር ላይ መኪና ወደ ኋላ እንደሚወጣ ታውቃለች። የት ጋ መሮጥ እንዳለባት፣ የት ጋ ትልቅ ሰው ጠብቃ አብራ እንደምትሻገርም ታውቃለች። ይሄ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ አለ። የከተማው ፕላን ላይ ግን የለም።

«ከአደጋ የተጠበቀ የትምህርት ቤት መንገድ» የሚባለው ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ልጆች ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ትምህርት ቤቱ ግቢ በየትኛው በኩል እንደሚሄዱ መለየት፣ ከዚያ አደገኛ የሆነውን ቦታ አንድ በአንድ ማስተካከል ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዜብራ መቀባት ብቻውን ይህን ስም አያሰጥም። ልጅ በሩ ላይ አልተወለደም፤ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

ነገሩ በሰፊው የተጀመረው ዴንማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ የትራፊክ ሕግ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱና ሲመለሱ ከአደጋ መጠበቅ የአካባቢው አስተዳደርና የፖሊስ ኃላፊነት ነው አለ። ኦዴንሴ የተባለች ከተማ ሥራውን ስትጀምር ተማሪዎችን ራሳቸውን ጠየቀች፦ የት ነው የምትፈሩት? መልሳቸውን ይዛ መንገዱን ማስተካከል ጀመረች።

እኛ ዘንድ የለመድነው ሌላ ነው። ልጁን እንመክራለን። «ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር»፣ «ግራህን ይዘህ ሂድ»። ምክሩ ልክ ነው። ግራውን የያዘ እግረኛ የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። ግን የሰባት ዓመት ልጅ የሚመጣውን መኪና ፍጥነት በደንብ መገመት አይችልም። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከቆመ መኪና ጀርባ ሾፌሩ አያየውም፣ እሱም ሾፌሩን አያይም። ኳስ ካየ ደግሞ ይሮጣል፤ ልጅ ነዋ። መንገዱ ይህን ታሳቢ አድርጎ መሠራት አለበት። አንድ ጊዜ የተዘናጋ ልጅ በሕይወቱ ሊከፍል አይገባም።

ለዚህ ነው ፍጥነት ላይ ብዙ የሚወራው። ልጅ ድንገት 14 ሜትር ፊት ለፊት ገባ እንበል። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሾፌሩም ንቁ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ልጁ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። በ50 የሚነዳው ግን እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ በምታልፈው አንዲት ሰከንድ ብቻ 14 ሜትሩን ይጨርሳል። ሁለቱም ጥሩ ሾፌሮች ናቸው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ዋነኛው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው።

አሁን ወደ አዳማ እንመለስ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌው መንገድ የከተማዋን መሀል ሰንጥቆ ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ ይቀጥላል። የአሰላውም መንገድ እዚሁ ይገነጠላል። ሲኖው፣ ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ንፋሱ ሲነሳ አቧራው ዓይን ያስጨፍናል። ክረምት ላይ ደግሞ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ይሞላና ክፍት ቱቦው የት እንዳለ አይታይም። ለእኔ ከመኪናው እኩል የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ያን ቀን ከልጅቷ ጋር ስንሄድ የእግረኛው መንገድ አንድ ቦታ ላይ በአሸዋና በጠጠር ተዘግቶ አገኘነው። ቤት እየተሠራ ነው። አሸዋው ለስንት ጊዜ እንደተቀመጠ ሳር በቅሎበታል። ልጅቷ ምንም ሳትል ወደ አስፋልቱ ወረደች። ለምዳዋለች። እኔ ግን ከኋላዬ የባጃጅ ጡሩንባ ስሰማ ክው አልኩ።

የፈረቃ ነገርም አለ። ስድስት ሰዓት አካባቢ የጠዋቱ ተማሪ ይወጣል፣ የከሰዓቱ ይገባል። ሁለት ትምህርት ቤት የሚሞላ ልጅ በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ትራፊክ ፖሊስ በጣም የሚያስፈልገው ያን ሰዓት ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው ጓደኞቻቸውን የሚያሻግሩ ተማሪ ትራፊኮችን ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ሲኖ ማስቆም የልጅ ሥራ አይደለም። አጠገባቸው ትልቅ ሰው መኖር አለበት።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ለሚል ሰው ዳሬሰላምን ማንሳት እወዳለሁ። አሜንድ የተባለ ድርጅት እዚያ አደጋ የበዛባቸውን ትምህርት ቤቶች መርጦ በዙሪያቸው የእግረኛ መንገድ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ዜብራና ምልክት ሠራ። ቀላል ነገሮች ናቸው። በጥናት ሲለካ በልጆቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቢያንስ በ26 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቷል።

እኛም አገር መነሻ አለ። ትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። እግረኛና ብስክሌተኛ ቅድሚያ ያግኙ የሚል ነው። ሥራው ግን መሬት የሚወርደው በከተማ አስተዳደሩ፣ በክፍለ ከተማውና በቀበሌው ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገዱን፣ የቱቦውን ክዳን፣ የመንገድ መብራቱን ማዘጋጃ ቤቱ ይሠራል። አሸዋውን የሚያስነሳው ደንብ አስከባሪው ነው። አገር አቋራጩ መንገድ ግን የፌዴራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ከተማው መጠየቅና መወትወት አለበት።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ነው። ጥያቄው እቅድ ሲወጣ፣ ማለትም ከሰኔ በፊት ካልገባ፣ መስከረም ላይ «በጀት የለም» መባሉ አይቀርም። በዝናብ ደግሞ ዜብራ አይቀባም። ስለዚህ ወላጆች ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቢንቀሳቀሱ ይሻላል። «መንገዱ ይስተካከል» ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ሳይሆን የትኛው መታጠፊያ፣ የትኛው ቱቦ፣ በስንት ሰዓት ብሎ ለይቶ ማቅረብ።

ማታ እኔና ልጅቷ ደብተሯ ላይ መንገዷን ሳልነው። እሷ ነገረችኝ፣ እኔ ምልክት አደረግሁ። ዘጠኝ ቦታ ወጣ። ከዘጠኙ አራቱ ክፍት ቱቦ ነው። አንዱ ያ አሸዋ። ውሻውንም አስገባችው፤ ባለቤቱ እንዲያስረው ሰፈር ውስጥ መነጋገር እንችላለን። ቅዳሜ የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ አለ። እናቷ ተሽሏታል፣ ወረቀቱን ይዛ ትገባለች። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።